ሞተር የሌለው ንብረት፦ የቆመ ተሳቢ በጋምቤላ ከሌባ እንዴት ይጠበቃል?

የጭነት መኪና የሚሰርቅ ሰው ቢያንስ ሞተር ማስነሳት ይጠበቅበታል። ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሽቦ ያገናኛል፤ ድምፅ ያሰማል። ተሳቢ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ሞተር የለውም፤ መሪ የለውም፤ የሚቆለፍ ጋቢና የለውም። ጋንቾው የሚመጥነው ማንኛውም መኪና ወይም ትራክተር ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ፒኑን ከጣለበት ተከትሎት ይሄዳል። በዚህም ምክንያት ከመኪናው ተፈቶ ለብቻው የሚቆም ተሳቢ፣ ዋጋው የአንድ ቤት ያህል ሆኖ ሳለ፣ ጥበቃው የአንድ ጋሪ ያህል እንኳን የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ችግሩ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ያለ ቢሆንም በጋምቤላ ክልል ጎልቶ እንዲታይ የሚያደርጉ ምክንያቶች አሉ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ዱቄቱ፣ ስኳሩና ቢራው በአብዛኛው የሚደርሳት በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ በኩል በሚመጣ መኪና ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት። መንገዱ ከዚያ ተነስቶ በቡሬ (የኢሉባቦሩ እንጂ የጎጃሙ ቡሬ አይደለም) ቁልቁል ይወርድና ባሮ ዳር ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይቀንሳል። ሙቀቱም፣ አፈሩም፣ የመንገዱ ጠባይም እዚያ ላይ ይለወጣል።

ከጋምቤላ ከተማ ወዲያ ጭነቱ ይበታተናል። ወደ ኢታንግና ላሬ፣ ወደ አቦቦና ፑኝዶ፣ ወደ ዲማ የሚሄደው ይለያያል። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ወዲህ በኩሌ፣ በቲየርኪዲና በጀዊ ለተቋቋሙት የስደተኞች መጠለያዎች የሚጓጓዘው እህልና ቁሳቁስ ደግሞ በቦታው የሚንቀሳቀሰውን ተሽከርካሪ ቁጥር ከፍ አድርጎታል። በክረምት ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ጥቁሩ አፈር ጎማ ይይዛል። ከነተሳቢው መግባት የማይሞክረው ሾፌር ተሳቢውን ከተማ ፈትቶ በመኪናው ብቻ ይገባል፤ ተመልሶም የቀረውን ይጭናል። በዚህ መሐል ተሳቢው አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ዝናቡ ካልቆመም ሳምንት ሊቆም ይችላል።

በዚህ ላይ የጸጥታው ሁኔታ አለ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ላይ ጥቃት ከተሰነዘረ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ ተጥሎ እንደነበር ይታወሳል። በሌሎች ጊዜያትም ግጭት ሲነሳ ተመሳሳይ ገደብ ታይቷል። የሰዓት እላፊ ሲኖር ሾፌሩ ሊያድር ካሰበበት ሳይሆን ሰዓቱ ከያዘው ቦታ ያድራል። በማግስቱ ጠዋት ጎማው መኖሩን የሚያረጋግጠው ማታ በምን ሁኔታ እንዳቆመው ነው።

ሌባው የሚፈልገው ምንድን ነው?

ባለንብረቶች ስለ ተሳቢ ስርቆት ሲያስቡ ቀድሞ የሚታያቸው ተሳቢው ሙሉ በሙሉ ተጎትቶ መጥፋቱ ነው። ይህ በጋምቤላ ከተማ ቀላል ሥራ አይደለም። ከባድ መኪና ወደ ደጋ የሚወጣባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ በቡሬ በኩል ወደ ጎሬ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ከሚሄዱት ውጭ ብዙ ምርጫ የለም። በመንገዱ ላይ ኬላ አለ። 10 ሜትር የሚጠጋ ብረት ደግሞ ኪስ ውስጥ አይገባም።

የእርሻ ተሳቢ ግን የተለየ ነው። በአቦቦና በኢታንግ አካባቢ ለሩዝ፣ ለጥጥና ለሰሊጥ እርሻ የገቡት ባለ ሁለትና ባለ አራት ጎማ ተሳቢዎች በማንኛውም ትራክተር ይጎተታሉ። አስፋልት አያስፈልጋቸውም። ኬላ ሳያዩ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው በጫካ መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ። ብዙዎቹ ሰሌዳ የላቸውም፤ ቀለማቸው አንድ ዓይነት ነው። መሣሪያው የተገዛው በባንክ ብድር ወይም በሊዝ ከሆነ ደግሞ ተሳቢው ቢጠፋም ዕዳው አይጠፋም። የእርሻው ሥራ በተቋረጠበት ወቅት፣ ካምፑ በተበተነበትና አንድ ዘበኛ ብቻ በቀረበት ጊዜ አደጋው ይብሳል።

በከባድ መኪና ተሳቢ ላይ ግን ሌባው የሚያተኩረው በእግሩ ላይ ነው። ሁለት አክስል ያለውና ጥንድ ጎማ የሚያስር ተሳቢ 8 ጎማዎች፣ ባለ ሦስት አክስሉ 12 ጎማዎች አሉት። በዚያ ላይ ስኮርታው። አንድ የከባድ መኪና ጎማ ከነቸርኬው 100 ኪሎ ገደማ ቢመዝንም ክብ ነገር ስለሆነ መሸከም አያስፈልግም፤ ይንከባለላል። ክሪክና ረጅም መፍቻ የያዙ ሁለት ሰዎች ብዙ ሳይቆዩ ይፈቱታል። ጎማ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲተመን የበለጠ ከብዷል። ለባለንብረቱ የከበደ ዕቃ ደግሞ ለሌባው ያጓጓል።

ከጎማው ቀጥሎ ሸራው፣ ገመዱ፣ ክሪኩ፣ የኋላ መብራቱና የሳንቃው ማያያዣ ብረቶች ይመጣሉ። ከሁሉም የሚናቀው፣ ነገር ግን ሰው የሚገድለው፣ የማያያዣው ፒን ነው። ፒኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ የምታግደው ትንሽ ብረት ለቁራሌው ምንም አታወጣም። እርሷ ጎድላ ሳትታይ መኪናው ቢነሳ ግን ፒኑ በንዝረት ሊወጣ፣ ጭነት የያዘው ተሳቢም ከኋላ ተለይቶ ሊቀር ይችላል። ይህ ቡሬ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ከኋላ የሚመጣውን ሚኒባስ ማሰብ ነው። ስለዚህ በፒኑ ላይ የሚገባ ጓጉንቸር ንብረት ከመጠበቅ አልፎ የሰው ሕይወትም ይጠብቃል።

ከተሳቢው ሥር የሚተኛው ልጅ

በጋምቤላ ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ የተለመደው የተሳቢ መቆለፊያ ሰው ነው፤ ረዳቱ። ሾፌሩ አልጋ ይይዛል፤ ረዳቱ ካርቶን ወይም ሸራ ዘርግቶ ተሳቢው ሥር ይተኛል። ወጪ የለውም ተብሎ ስለሚታሰብ ብዙ ባለንብረት ሰንሰለት ከመግዛት ይልቅ በዚህ ይተማመናል።

ወጪ የለውም የሚለው ሒሳብ ግን ስህተት ነው። ጋምቤላ የወባ አገር ናት። በተለይ ከዝናቡ በኋላ ባሉት ወራት ባሮ ዳር ያለ አጎበር ደጅ ማደር በሽታን መጋበዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጭንና ሲያወርድ የዋለ የ20 ዓመት ልጅ ሌሊት ነቅቶ ይጠብቃል ብሎ ማሰብም ራስን ማታለል ይሆናል፤ ይተኛል፤ መተኛትም አለበት። የተደራጀ ሌባ ከመጣ ደግሞ ልጁ ሊከላከለው አይችልም። ከተቃወመ ይጎዳል፤ ከሸሸ ይጠረጠራል።

ጠዋት ጎማ ጎድሎ ሲገኝ ሒሳቡ ወደ ማን እንደሚዞር በየመናኸሪያው የሚታወቅ ነው። «ከደሞዝህ ይቆረጣል» ይባላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን አሠሪው እንዳሻው ደሞዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ተቆራጩም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። በዚህ ሒሳብ የአንድ ጎማ ዋጋ ከረዳት ደሞዝ ተቆርጦ እስኪያልቅ ጎማው ራሱ አርጅቶ ይጣላል። ባለንብረቱ ገንዘቡን አያገኝም፤ ልጁም ዕዳ ተሸክሞ ይኖራል፤ ወይም አንድ ቀን ሳይነግር ይጠፋል።

ለዚህ ነው ስለ ብረት መቆለፊያ ማውራት የሚያስፈልገው።

ብረቱ ምን ይሠራል?

ተሳቢ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በፊትም በኋላም ጎማ ያለውና በረጅም የብረት ዘንግ የሚጎተተው ሲሆን በዘንጉ ጫፍ ላይ የጋንቾው ፒን የሚገባበት ቀለበት አለው። ሁለተኛው ፊቱ በጎታቹ መኪና ላይ የሚጫነው ከፊል ተሳቢ ነው። ይኸኛው ከሥሩ ወደ ታች የወጣ ወፍራም የብረት ምሰሶ፣ በተለምዶ ኪንግ ፒን የሚባለው፣ አለው። የኪንግ ፒኑ ውፍረት በዓለም ላይ በአብዛኛው አንድ ዓይነት፣ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለባለንብረቱ ጥቅም ነው፤ መኪናው ቢበላሽበት ሌላ ተከራይቶ ያስጎትታል። ለሌባውም ጥቅሙ ያው ነው።

ለቀለበቱም ሆነ ለኪንግ ፒኑ የሚሆኑ መቆለፊያዎች አሉ። የኪንግ ፒን መቆለፊያ ምሰሶውን እንደ ኮፍያ የሚሸፍን ወፍራም ብረት ሲሆን ከተቆለፈ በኋላ ጎታች መኪና ሊገባበት አይችልም። ለዘንጉ ቀለበት የሚሆነው ደግሞ ቀዳዳውን የሚሞላ ፒንና ከሥሩ የሚገባ ቁልፍ ነው። ይህን የመሰለውን ጥሩ በያጅ ከወፍራም ብረት ሊሠራው ይችላል። ዋናው ነገር የጓጉንቸሩ ቀስት ከውጭ እንዳይታይና የብረት መቁረጫ አፍ እንዳይገባበት ዙሪያውን መሸፈን ነው። ቀስቱ እንደ ዶሮ አንገት ረዝሞ የወጣ ጓጉንቸር የቱንም ያህል ቢከብድ ዋጋ የለውም።

ስለ ፍሬን የሚነገር ነገር አለ። ብዙ ሾፌሮች «የአየር ቱቦውን ከነቀልኩት ፍሬኑ ይይዘዋል፤ ማንም አይጎትተውም» ይላሉ። ይህ እንደ ተሳቢው ዓይነት እውነትም ሐሰትም ነው። የስፕሪንግ ፍሬን ባለው ተሳቢ ላይ አየር ሲጠፋ ጠንካራው ስፕሪንግ ራሱ ፍሬኑን ይጫናል፤ አየር እስኪገባለት ወይም በመፍቻ ተጠምዝዞ እስኪለቀቅ ይይዛል። ስፕሪንግ የሌላቸው አሮጌ ተሳቢዎች ግን ቱቦው ሲነቀል የሚይዙት በራሳቸው ጋን ውስጥ በቀረው አየር ነው። ጋኑ ሲያፈስ፣ ያረጀ ጋን ደግሞ ማፍሰሱ አይቀርም፣ ፍሬኑ ይለቃል። ማታ የያዘ ተሳቢ ጠዋት ነጻ ሆኖ ይገኛል። ሌባ ባይመጣ እንኳን ተዳፋት ላይ ከሆነ ብቻውን ይሄዳል። የእጅ ፍሬኑን ማጥበቅና ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ለሁለቱም ያገለግላል።

ለጎማ ከሁሉም የሚሻለው ሰንሰለት ነው። በቸርኬዎቹ ቀዳዳዎች አልፎ በሻንሲው የሚዞር፣ ጠንካራ ብረት የሆነ ሰንሰለት። አስተሳሰሩ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። መሬት የነካ ሰንሰለት በድንጋይ ላይ ተደግፎ በመዶሻ ይሰበራል፤ ወይም መቁረጫው አንድ እጀታውን መሬት ላይ አስደግፎ በሰውነት ክብደት ይጫነዋል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ሳይላላ መታሰር አለበት። ከየጎማው ዳዶዎች አንዱን ልዩ መፍቻ ብቻ በሚፈታው ዳዶ መተካትም ይረዳል። ያን መፍቻ ግን ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ከሚያስቀምጣቸው ሌሎች መፍቻዎች ጋር ካደባለቀው ትርጉም የለውም።

አንዳንዶች ስኮርታውን በብየዳ ነጥብ ያስይዙታል። ሌባን ያግዳል፤ ባለቤቱንም ያግዳል። በሌሊት ጎሬ ዳገት ላይ ጎማ የፈነዳበት ሾፌር በያጅ ከየት ያመጣል? ስኮርታው በብረት ቅርጫት ውስጥ ገብቶ በጓጉንቸር ቢቆለፍ የተሻለ ነው። ጓጉንቸሩ በክረምት ጭቃና ዝገት እንዳይነክሰው በየጊዜው ዘይት ጠብ ማድረግ፣ ቀዳዳውንም በጎማ ቁራጭ መሸፈን ያስፈልጋል። በጋምቤላ እርጥበት ለወራት ያልተነካ ቁልፍ ሲፈለግ አይከፈትም።

ምንም ሳይገዙ የሚገኝ ጥበቃም አለ፤ አቋቋም። ተሳቢው መጎተቻው ወደ ግንብ ወይም ወደ ትልቅ ዛፍ ዞሮ ከቆመ ጎታች መኪና ሊቀርበው አይችልም። ሁለት ተሳቢ ያላቸው መጎተቻ ለመጎተቻ ገጥመው ያቆማሉ። ከባድ ጭነት የያዘን መኪና ከተሳቢው ፊት አስጠግቶ ማቆምም ያው ነው። ከፊል ተሳቢ ከሆነ የመቆሚያ እግሮቹ ሥር ወፍራም ሳንቃ ሳይደረግ ጥቁር አፈር ላይ መቆም የለበትም፤ አንድ ዝናብ ከጣለ እግሩ ይሰምጥና ባለቤቱ ራሱ ሊያነሳው አይችልም። የባሮን ዳርቻም የሚመርጡ አሉ፤ ለማጠብና ለጥላ ይመቻል። በበጋ ነውር የለውም። ክረምት ሲገባ ግን ባሮ ሞልቶ እንደሚወጣ የጋምቤላ ሰው ሁሉ ያውቃል።

መጎተትን በተመለከተ ጋምቤላ ከመኪና በፊትም ልምድ ነበራት። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት እንግሊዞች የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙባት ከተፈቀደ በኋላ፣ ሱዳን ነጻ እስከወጣችበት 1948 ዓ.ም. ድረስ፣ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች በክረምት ባሮን እየቀዘፉ ጭነት የያዙ ጀልባዎችን እያስከተሉ ይገቡ ነበር። ያ ተሳቢ ግን ውኃው ሲጎድል የሚሄድበት ስላልነበረው ሌባም አይመኘውም ነበር።

የመኝታ ተሳቢና የካምፕ ዕቃ

በአውሮጳና በአሜሪካ የተሳቢ ሌባ ከሚመኛቸው አንዱ ቤተሰብ ለሽርሽር የሚጎትተው ባለ አልጋ ተሳቢ፣ ካራቫኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሚጠቀሙበት በበዓል ሰሞን ብቻ በመሆኑ መሰረቁ ሳይታወቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ የካራቫን መዝገብ ተቋቁሞ የእያንዳንዱ መለያ ቁጥር በመስኮቶቹ መስታወት ላይ ጭምር እየተቀረጸ ይወጣል። የተሰረቀውን ለመሸጥ የሚፈልግ መስኮቶቹን ሁሉ መለወጥ አለበት ማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ስርቆቱን ባያስቀርም ሽያጩን ያከብደዋል።

በጋምቤላ ለሽርሽር ካራቫን የሚጎትት ሰው ብዙም አይታይም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብሔራዊ ፓርክ፣ የነጭ ጆሮ ቆርኬውን ጉዞ ለማየት የሚመጣው እንግዳ በአብዛኛው ድንኳን ነው የሚይዘው። የመንገድ ሥራ፣ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮና የእርሻ ድርጅቶች ግን የመኝታ ካራቫን፣ የውኃ ቦቲ ተሳቢና በጎማ ላይ የተጫነ ጄኔሬተር ይዘው ይገባሉ። ሥራው ወደ ፊት ሲሄድ ካምፑ ወደ ኋላ ይቀራል። ጄኔሬተሩ ባትሪና ናፍጣ ስላለው ቀድሞ የሚነካው እርሱ ነው። እነዚህ ትናንሽ ተሳቢዎች ሲቆሙ ጎማቸው ወልቆ በብሎኬት ላይ ቢቀመጡ፣ ጎማውም መጋዘን ቢገባ፣ ሌባው የሚጎትተው ነገር አያገኝም። በሙቀቱና በፀሐዩ ከመሰንጠቅም ጎማው ይተርፋል።

ስም ያለው ንብረት

የከባድ ተሳቢ ሻንሲ ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ በአዳዲሶቹ ላይ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ባለንብረቱ ብዙውን ጊዜ ይህን ቁጥር የሚያውቀው በሊብሬው ላይ ብቻ ነው፤ ሊብሬው ደግሞ መኪናው ውስጥ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የየጎማውን መለያ ቁጥርና የተሳቢውን ፎቶ በስልክ ይዞ አንድ ቅጂ ቤት ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም። በጎማው ጎን ላይ የሰሌዳ ቁጥር በቀለም መጻፍም ጥሩ ነው፤ በጋለ ብረት መምታት የሚፈልግ ግን ወደ ክሩ እንዳይዘልቅ መጠንቀቅ አለበት። የኑዌር ከብት አርቢ መቶ ከብት መሐል የራሱን በቀለሙና በቀንዱ ለይቶ ያውቀዋል። የተሳቢ ባለቤት 12 ጎማዎቹን የማያውቅበት ምክንያት የለም።

ይህ በሕግም ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሰረቀበት ባለቤት ዕቃውን በቅን ልቦና ከገዛ ሰው እጅ እንኳን ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ለመጠየቅ ግን የራስ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። «ጥቁር ጎማ ነው፤ ትንሽ የበላ ነው» የሚል ማስረጃ የትም አያደርስም። ያገለገለ ጎማ በርካሽ የሚገዛውም ይህን ቢያስብ ይበጀዋል፤ መሰረቁን እያወቀ የገዛ እንደሆነ በወንጀል ሕጉም ይጠየቃል።

የጂፒኤስ መከታተያ የሚያስገቡም አሉ። ለመኪናው ጥሩ ነው። ተሳቢው ግን የራሱ ባትሪ ስለሌለው ከመኪናው ሲፈታ መከታተያው ይሞታል፤ የውስጥ ባትሪ ወይም ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ያለውን መምረጥ የግድ ነው። የሚልከው በስልክ ኔትወርክ ስለሆነም ኔትወርክ በሌለበት የቆላ ሜዳ ዝም ይላል። በትራንዚት ዕቃ ላይ የሚደረገው የጉምሩክ ማሸጊያም የሚጠብቀው በሩንና ጭነቱን ነው፤ ጎማው አይመለከተውም።

የመድን ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በአዋጅ የሚገደደው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለባለንብረቱ ስርቆት አይከፍልም። ሙሉ መድን የገባም ቢሆን ፖሊሲው ላይ ተሳቢው ከነሰሌዳው ለብቻው መጻፉን ማየት አለበት። መኪናው ተጽፎ ተሳቢው የተረሳበት ውል ለተሳቢው ወረቀት ብቻ ነው። ተሽከርካሪው ሳይሰረቅ ጎማ ብቻ ቢወሰድ የማይከፍሉ ውሎችም የተለመዱ ስለሆኑ፣ ከመፈረም በፊት ይህችን አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ ነው።

ዘበኛው

ብረት ሁሉ ጊዜ ከተሰጠው ይቆረጣል። መቆለፊያው የሚገዛው ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠቀምበት ሰው ከሌለ ከንቱ ነው። ስለዚህ ግቢና ዘበኛ ያለው ማደሪያ መፈለግ ይመረጣል። ነገር ግን የአዳር ሒሳብ ከፍሎ መሄድና አደራ ሰጥቶ መሄድ አንድ አይደሉም። ደረሰኙ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የተሳቢውን ሰሌዳና የጎማውን ብዛት ከጻፈ ግቢው ዕቃውን እንደተረከበ ማስረጃ ይሆናል። «የመኪና ማደሪያ» ብቻ የሚል ቁራጭ ወረቀት ግን የቦታ ኪራይ ነው ተብሎ ይከራከሩበታል። ማታ ዘበኛውን ይዞ ተሳቢውን አንድ ጊዜ መዞርና ጎማ አብሮ መቁጠር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዘበኛው ጠዋት ለተረኛው ሲያስረክብም እንዲሁ ቢቆጥር፣ ጎማ የጎደለው በማን ሰዓት እንደሆነ ይታወቃል፤ የማያውቀውም አይወነጀልም።

በረዳቱ ለሚጠቀሙ ባለንብረቶች፣ ቢያንስ ተሳቢው ሥር ሳይሆን ጋቢና ውስጥ ወይም ሳንቃው ላይ በአጎበር እንዲተኛ፣ ከነጓጉንቸሩ ማደራጀት ይቻላል። ሥራው ሌባ መታገል ሳይሆን ድምፅ ሰምቶ መጮህና መደወል እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የአንድ አጎበርና የአንድ ጥሩ ሰንሰለት ዋጋ ተደምሮ ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ብዙ ያንሳል።

በጉዞ ላይ ያለው አደጋ ከዚህ ይለያል። መኪናው ከጊቤ ሸለቆ ሽቅብ እንደ ኤሊ ሲወጣ፣ በማታ፣ ከኋላ ተንጠልጥሎ ሸራ የሚቀድ ሰው ለሾፌሩ በመስታወት አይታየውም፤ መኪናው ራሱ ተሳቢውን ይጋርደዋል። ሸራው ከውጭ በገመድ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በመረብ ቢያዝ፣ የገመዱ ቋጠሮ ከኋላ ሳይሆን ወደ መኪናው በሚዞረው የተሳቢው ግንባር ላይ ቢሆን፣ ውድ ዕቃውም በመኪናው እንጂ በተሳቢው ጅራት ባይጫን ይመረጣል። ከማንኛውም ማቆሚያ ሲነሳ፣ ሻይ ለመጠጣት እንኳን ከሆነ፣ ፒኑንና ማገጃውን በእጅ ነክቶ ማረጋገጥ የሾፌሩ ግዴታ ነው። «አሁን አይቼዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ተሳቢው ራሱ ከጠፋ ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ባለቤቱ ጎረቤት ሲጠይቅና ጎሚስታ ቤት ሲዞር ከሚያረፍድ፣ በቅርብ ላለው ፖሊስ የሰሌዳውንና የሻንሲውን ቁጥር ሰጥቶ በቡሬና በደምቢ ዶሎ መንገድ፣ እንዲሁም በአቦቦና በኢታንግ አቅጣጫ ላሉት ኬላዎች እንዲተላለፍ ማድረግ አለበት። ሰሌዳ በአንድ መፍቻ ስለሚለወጥ ለኬላው የሚጠቅመው የሻንሲው ቁጥርና በተሳቢው ላይ ያለ ምልክት ነው፤ የተጠገነ ሳንቃ፣ የተበየደ ጥግ፣ የተለወጠ የኋላ መብራት።